ትንሹ ሲቆም ትልቁ ለምን ይመለሳል? የደንዲ የቤት እንስሳት ድፍረት ሲዳሰስ

በምዕራብ ሸዋ፣ በደንዲ ወረዳ ገጠር ሌሊቱ ሲገፋ ጅብ ይጮኻል። ወዲያው የአንዱ ግቢ ውሻ ይነሳል፤ የጎረቤቱ ይቀበለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ከጊንጪ በላይ በጋራው ጥግ ያለው መንደር ሁሉ በውሻ ጩኸት ይሞላል። እዚያ ላደገ ሰው ይህ የየሌሊቱ ወግ ነው። የለመዱት ነገር ደግሞ አይጠየቅምና በውስጡ ያለው ትልቅ ጥያቄ ሳይነሳ ይነጋል። የመንደር ውሻ ቢመዝን 15 ወይም 20 ኪሎ ነው። ጅብ ከ45 እስከ 70 ኪሎ ይመዝናል፤ መንጋጋው የከብት ጭን አጥንት ይሰብራል። ታዲያ ውሻው በምን ልቡ ይገጥመዋል? ጅቡስ ቆረጣጥሞ መብላት እየቻለ ለምን ይመለሳል?

ጥያቄው የውሻ ብቻ አይደለም። ጫጩቶቿን አስከትላ ከጓሮ የወጣች ዶሮ በበሬ ፊት ላይ ትዘላለች። ሦስት ወይም አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት የግቢውን ውሻ አፍንጫ ቧጥጣ ታባርራለች። ይህ ዳሰሳ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር ዙሪያ የሚታየውን የትንንሾች ጀግንነት፣ ተመራማሪዎች በሌላ የአገራችን ክፍልና በውጭ ዓለም ካገኙት ጋር አያይዞ ይመለከታል። ከሁሉም ተደምሮ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው። የትንሹ እንስሳ ድፍረት ዕውር አይደለም፤ የሚጠብቀው ነገር አለው፣ የሚተማመንበትም አለው። ውሻ ከሚተማመንባቸው ዋነኞቹ እኛ ነን። እኛ ግን በውላችን አልጸናንም።

ድፍረት የሚፈተንበት አገር

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ሲኬድ ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማዋ ወደ ሰሜን የጭልሞ ደን አለ፤ ከጥንቱ የደጋ ደን የተረፈ፣ ጥድና ዝግባ ያለበት፣ ጉሬዛ የሚዘልበት፣ የአዋሽ ወንዝ ከሚነሳባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነ ደን ነው። በደቡብ በኩል የደንዲ ተራራ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስምንት ቁጥር የሚመስለውን የእሳተ ገሞራ ሐይቁን አቅፏል። ወንጪ ከዚያ ቅርብ ነው። ወደ ምዕራብ ከተዘለቀ የጅባት ደን ይገኛል።

ይህ መልክዓ ምድር ለዓይን ውብ ነው፤ ለበረትና ለማሳ ግን ፈተና ነው። ደኑ እየተመናመነ እርሻው እየገፋ በሄደ ቁጥር የሰውና የዱር እንስሳ ድንበር ጠቦ ጤፉና ስንዴው ከዛፉ ሥር ደርሷል። በሌሊት ጅብ፣ አልፎ አልፎም ነብር ወደ በረት ይጠጋል፤ ጃርት ድንችና እንሰት ይቆፍራል። በቀን ዝንጀሮና ጦጣ ማሳ ይወርዳሉ፤ ቀበሮ ግልገል ያደባል፤ ጭልፊት ከሰማይ፣ ሸለምጥማጥ ከአጥር ሥር ጫጩት ይፈልጋሉ። የብዙው ገበሬ መከላከያ የእሾህ አጥር፣ ማሳ ጠባቂ ልጅ፣ ወንጭፍ እና ውሻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከደጅ የሚያድረው ውሻ ብቻ ነው።

ውሻና ጅብ

ሌሊት ባትሪ ይዞ የወጣ ሰው የሚያየውን በጥሞና ከተመለከቱት፣ ውሻ ጅብን የሚገጥምበት መንገድ ሥርዓት አለው። ሮጦ ሄዶ አይነክስም። ይጮኻል፣ ጥቂት ወደፊት ይወረወራል፣ ይመለሳል፣ በጎን ዞሮ እንደገና ይወረወራል። ጀርባው ሁልጊዜ ወደ አጥሩ ነው። የሌላ ግቢ ውሻ ሲደርስለት እርምጃው ይረዝማል። የቤቱ ጌታ በር ከፍቶ «ያዘው!» ያለ ጊዜ ደግሞ እስከ ሜዳው መጨረሻ ያሳድዳል። ያው ውሻ በማግስቱ ከግቢው ርቆ ብቻውን ከጅብ ጋር ቢገናኝ ጭራውን ቆልፎ ይሸሻል። ድፍረቱ ከአጥሩ በራቀ መጠን ይቀንሳል፤ የጌታው ድምፅ በቀረበ መጠን ይጨምራል።

የጅቡን ወገን ደግሞ እንመልከት። ጅብ ውሻን መግደል ይችላል፤ ይገድላልም። ግን የሚኖረው በእግሩና በጥርሱ ነው። አንድ እግሩ ቢጎዳ ወይም ዓይኑ ቢፈስ ከዚያ በኋላ ሠርቶ መብላት ይቸግረዋል። ውሻው ቢሸነፍ እንኳ ጩኸቱ ሰው ያስነሳል፤ ሰው ደግሞ ጦርና ዱላ ይዞ ይወጣል። እንግሊዛውያኑ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ሪቻርድ ዶውኪንስና ጆን ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ጉዳይ በግልጽ አስቀምጠውታል፦ አሳዳጅ የሚሮጠው ለእራቱ ነው፤ ተሳዳጅ የሚሮጠው ለነፍሱ ነው። እራት ቢያመልጥ ሌላ ቀን ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል አይጨክኑም። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ሜይናርድ ስሚዝና ጆርጅ ፕራይስ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ፣ እንስሳት ሲጣሉ ብዙውን ጊዜ እስከ ሞት የማይደርሱት ለምን እንደሆነ በሒሳብ አሳይተው ነበር። የጉዳቱ ዋጋ ከሚገኘው ጥቅም ከበለጠ ጉልበተኛውም ቢሆን መመለስ ያዋጣዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በባሌ ተራሮች አናጋው አጥቀምና ባልደረቦቹ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት፣ በአውሬ ከተበሉት የቤት እንስሳት ከግማሽ በላይ የሆኑትን የገደለው ጅብ ነው፤ ነብር በሩቁ ይከተላል። በኬንያ ላይኪፒያ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰው የሚበዛበትና ውሻ ያለበት በረት በአውሬ የሚደርስበት ጥፋት አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። የመንደር ውሻ በዝርያ የተመረጠ ግዙፍ ጠባቂ አይደለም፤ ቢሆንም መኖሩና መጮኹ ብቻ ለከብቱ ልዩነት ያመጣል።

በትግራይ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በዐቢይ ጾም ከብት አይታረድም፤ ከየሰፈሩ የሚጣለው አጥንትና ፈርስ ይቀንሳል። ጅቡም በዚያ ወቅት ወደ አህያ አደን ማዘንበሉን ተመራማሪዎቹ ከኩሱ ውስጥ ባገኙት ፀጉር አረጋግጠዋል። እንግዲህ ሰው በጾምና በጸሎት በሚያሳልፋቸው ሳምንታት ከአህያው ፊት የቆመው ውሻ ሥራ ይከብድበታል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ከየገበያው ሸክም የሚያመላልሰውን የምዕራብ ሸዋ አህያ ላሰበ ሰው፣ የአንድ አህያ መትረፍ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ መትረፍ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ተረቱ። ለሰነፍ ሰው ጥሩ ተግሣጽ ነው። ለውሻው ግን ፍትሕ አይደለም፤ የደንዲ ውሻ የሚጮኸው ጅቡ ከመድረሱ በፊት ነውና።

ዝንጀሮና ነብር፦ ድፍረት የማይበቃባቸው

ቀን በማሳ የሚደረገው ትግል ከሌሊቱ ይለያል። የደረሰ ወንድ ዝንጀሮ እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ክራንቻው ከውሻው ክራንቻ ይረዝማል። ከዚያም በላይ እጅ አለው፤ ውሻውን ይዞ መንከስ ይችላል። በመንጋ ስለሚመጣም ውሻ ብቻውን ከገባበት ተቦጫጭቆ ይወጣል። እረኞች ይህን ስለሚያውቁ ውሻውን አስቀድመው አይለቁትም። መጀመሪያ ወንጭፍ ይወነጭፋሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ መንጋው ፊቱን ሲያዞር ውሻውን ይሰዱታል። ልጁና ውሻው አብረው ሲሆኑ የሚችሉትን ሁለቱም ለየብቻቸው አይችሉትም።

ነብር ከሁሉም የከፋ ነው። ጅብ ውሻን እንደ እንቅፋት ያየዋል፤ ነብር ግን እንደ ምግብም ያየዋል። በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት፣ ሰው በብዛት በሚኖርበት የእርሻ አገር የተደረገ ጥናት ነብር ከሚበላው ሥጋ በክብደት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው የቤት ውሻ መሆኑን አግኝቷል። ነብር ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ ከኋላ ስለሚይዝ የውሻው ጩኸትና ማስፈራራት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የትንሹ ድፍረት የሚሠራው ትልቁ እንስሳ ከታየና የሚያስብበት ጊዜ ከተሰጠው ነው። ማድባት ባለበት ድፍረት አያድንም።

እናት ዶሮ

በአገራችን ግቢ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ጀግንነት የሚታየው በትንሿ እንስሳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የአበሻ ዶሮ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይዘልም። ጫጩት ካልያዘች ከውሻ፣ ከድመት፣ ከሚሮጥ ሕፃን ትሸሻለች። ጫጩት በያዘች ማግስት ሌላ ፍጥረት ናት። ላባዋን ታቆማለች፣ ክንፏን ዘርግታ መሬት ትጠርጋለች፣ ውሻውን ዓይኑ ላይ ትዘልበታለች። በሬው እንኳ አንገቱን ወደ ኋላ ይመልሳል።

ይህ ለውጥ ከሰውነቷ ውስጥ ይመጣል። ዶሮ ስትታቀፍ ፕሮላክቲን የተባለው ንጥረ ነገር በደሟ ውስጥ ይጨምራል፤ እንቁላል መጣሏን አቁማ ወደ ማቀፍና ወደ መጠበቅ ትዞራለች። ጭልፊቱ ላይም ቢሆን ስሌቷ ስሕተት የለበትም። ጫጩት የሚሰርቀው ጭልፊት ክንፉ ሲዘረጋ ያስፈራል እንጂ ክብደቱ ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ በመሬት ላይ ከእሷ ጋር ሲፋለም የሚበላሸው ላባ የራሱ ነው። የእሱ ኃይል በድንገት መምጣቱ ላይ ነው፤ እሷ ቀድማ ካየችው ኃይሉ ያልቃል።

ቀድሞ ማየቱን ደግሞ አውራው ይረዳል። ክሪስቶፈር ኢቫንስና ፒተር ማርለር ዶሮዎች ላይ ባደረጉት ጥናት አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ ጠላት አንድ ዓይነት፣ በምድር ለሚመጣ ሌላ ዓይነት የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዳለው አሳይተዋል። ዶሮዎቹም ድምፁን ብቻ ሰምተው ለአንዱ ይደበቃሉ፣ ለሌላው ቀና ብለው ይመለከታሉ። ዶሮ ያረባች የጊንጪ እናት ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋትም። አውራው ድምፁን ሲለውጥ ከምድጃዋ ተነስታ ወደ ደጅ የምትወጣው ጠላቱ ከሰማይ ይምጣ ከአጥር ሥር አስቀድማ ገምታ ነው።

ድመት

ድመት እንደ ውሻ ጌታዋን ተማምና አትዋጋም፤ እንደ ዶሮም ለመድፈር ልጆች መያዝ አያስፈልጋትም። የእሷ ድፍረት በአብዛኛው የሚነሳው መሸሻ ባጣች ጊዜ ነው። የስዊስ ተወላጁ የእንስሳት ጠባይ ሊቅ ሄይኒ ሄዲገር እያንዳንዱ እንስሳ ሁለት የርቀት ወሰን እንዳለው አስተምሯል። ጠላት የመጀመሪያውን ሲያልፍ እንስሳው ይሸሻል፤ መሸሻ በሌለበት ሁለተኛውን ሲያልፍ ይዞራል፣ ያጠቃል። ድመት ጀርባዋን አጉብጣ፣ ፀጉሯን አቁማ፣ ጎኗን ሰጥታ የምትቆመው እጥፍ ድርብ ትልቅ ሆና ለመታየት ነው። ከዚያ በኋላ መዳፏ ከውሻው አፍንጫ በላይ ፈጣን ነው።

ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው «ተዋጋ ወይም ሽሽ» የሚባለው የሰውነት ሕግ የተገኘው ድመት ውሻ ፊት በቆመችበት ሙከራ ላይ ነው። የሃርቫርዱ ሐኪም ዋልተር ካነን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ሥራ፣ የሚጮኽ ውሻ ፊት የተቀመጠች ድመት ደም ውስጥ አድሬናሊን መጨመሩን አሳየ፤ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፋው። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል። ለመሸሽም ለመዋጋትም የሚዘጋጀው ያው አንድ ሰውነት ነው። ስለዚህ ደፋሯ ድመት ፍርሃት የለባትም ማለት ልክ አይሆንም። ፈርታለች፤ ፈርታም ቆማለች።

ከሌላው ዓለም

በውጭ አገር የተመዘገቡ ታሪኮችም የትንሹ ድፍረት የሚጠብቀው ነገር እንዳለው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ጃክ የተባለ ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድመት ግቢው የገባ ጥቁር ድብን ሁለት ጊዜ ዛፍ ላይ አስወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ታራ የተባለች ድመት አንድ ሕፃን የነከሰ ውሻ ላይ ተወርውራ አባርራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ዚላንድ ማናያ ከተማ ጆርጅ የተባለ ትንሽ የጃክ ራስል ውሻ አምስት ሕፃናትን ካጠቁ ሁለት ፒት ቡሎች ጋር ተናንቆ ልጆቹን አድኖ በቁስሉ ሞተ። በብሪታንያ ያለው የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ፒዲኤስኤ ጆርጅ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የወርቅ ሜዳሊያ ሸልሞታል። ጃክ ግቢውን፣ ታራ የቤቷን ልጅ፣ ጆርጅ አብሯቸው የነበሩትን ልጆች ጠበቁ። በሦስቱም ታሪክ ውስጥ የሚጠበቅ ነገር አለ።

ከእነዚህ የሚለይ ድፍረትም አለ፤ ሰው በዘር መርጦ ያሳደገው ነው። የጀርመኑ ዳክስሁንድ ጉድጓድ ገብቶ ከከባድ አውሬ ጋር እንዲጋጠም፣ የእንግሊዝ ቴሪየር ቀበሮን ከጎሬው እንዲያወጣ ለብዙ ትውልድ ተመርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት በቁጣቸው ከአማካይ በላይ ከሆኑት ውስጥ ዳክስሁንድ፣ ቺዋዋና ጃክ ራስልን አግኝቷል። በቪየና የተሠራ ጥናት ደግሞ የትንሽ ውሻ ባለቤቶች በሥልጠናና በቅጣት ወጥነት እንደሚጎድላቸው አሳይቷል። ትልቅ ውሻ ሲያጉረመርም ይገሠጻል፤ ትንሹ ሲያጉረመርም ይሳቅለታል፣ ይታቀፋል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ትንንሽ የውጭ ዝርያ ውሾች እየበዙ ነው፤ የሚያሳድጓቸውም ይህን ቢያውቁ ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ድፍረት የሚጠብቀው ነገር የሌለው፣ ያልታረመ ጠባይ ነውና ውሻውን አንድ ቀን ከማይችለው ጋር ያጋጥመዋል።

ሲጠቃለል ምን ያስደፍራል?

የተለያዩት ጉዳዮች በሦስት ምክንያት ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያው የሚጠበቀው ነገር ክብደት ነው፦ ጫጩት፣ ግቢ፣ የቤት ልጅ፣ የራስ ነፍስ። ሁለተኛው የትልቁ እንስሳ ስሌት ነው፤ ትልቁ ቁስልን ስለሚፈራ ትንሹ ለመግደል ባይችል እንኳ ለማቁሰል መቁረጡ ይበቃዋል። ሦስተኛው ደጀን ነው። ውሻ ብቻውን ከቆመ ውሻ ነው፤ ከበስተኋላው የሌሎች ውሾች ጩኸትና የጌታው በትር ካለ ጅብ ፊት የቆመው መንደሩ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በደንዲ ሌሊት በተግባር ይታያል።

ሦስተኛው ምክንያት እኛን ይመለከታል። ውሻ ከሰው ጋር በኖረባቸው በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ የተማረው ትልቁ ነገር ሲጮኽ ሰው እንደሚወጣ ነው። በዚያ ተማምኖ ከአቅሙ በላይ ይቆማል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። እኛ እንወጣለን ወይ?

የተከፈለው ዋጋና ያልተከፈለው ዕዳ

ብዙ ጊዜ አንወጣም። የቆሰለ ውሻ በቁስሉ ይተዋል፤ የሞተም የውሻ ደም ሆኖ ይቀራል። ምግቡ የተረፈ ፍርፋሪ ነው። ሌሊት ሙሉ በረት የጠበቀው ጠዋት መንገድ ላይ በድንጋይ ይወገራል።

ከሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አውሬ ፊት የሚቆም ውሻ መነከሱ አይቀርም። ጅብም ቀበሮም በሽታውን ሊይዙ ስለሚችሉ ለቤቱ ሲል የተነከሰው ውሻ በሽታውን ወደዚያው ቤት ይዞ ሊገባ ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ፈውስ የለውም ለማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚገድል ይገመታል፤ ከመቶ 99ኙ በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው። አገራችን ከዓለም በብርቱ ከተጎዱት መካከል ስትሆን ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች፣ ከውሻው ጋር አብረው የሚውሉት እረኞች ናቸው።

ጉዳቱ ዱሩንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ ከውሻ የተላለፈ በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት በአገራችን ብቻ የሚኖሩ 500 ገደማ ናቸው። ያለ ከልካይ ወደ ጭልሞ ደን የሚገባ ውሻም የምኒልክ ድኩላን ያሳድዳል። ለበረቱ በረከት የሆነ ድፍረት ከአጥሩ ሲወጣ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። በየከተማው አልፎ አልፎ የሚደረገው ውሻን በመርዝ መፍጀት ግን በሽታውን አያቆምም፤ የተከተቡትንም አብሮ ያጠፋል። በጉደር የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ማሞ መዘምር ካምፓስ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ወጣቶች አሉን። በየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሉን። ለበሬና ለላም ክትባት ዘመቻ የሚወጣው ባለሙያ የውሻውን መርፌ ይዞ እንዲወጣ፣ ገበሬውም ከብቱን ሲያስከትብ ጠባቂውን በገመድ አስሮ ይዞ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ እንዳለበት እያንዳንዱ እረኛ ሊያውቅ ይገባዋል።

ሌሎችም ቀላል ነገሮች አሉ። በቱርክ እረኞች ለጠባቂ ውሾቻቸው የብረት እሾህ ያለው የአንገት ቀለበት ያደርጋሉ፤ አውሬ አንገት ላይ ሲይዛቸው ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ያለውን ለደንዲ ቀጥቃጭ ማሠራት ከባድ አይመስለኝም። ቡችላ ሲያድግ በቂ ምግብ ማግኘቱ፣ ለብርድና ለዝናብ ጥግ ማግኘቱ፣ ከአጥሩ ሳይርቅ እንዲጠብቅ መልመዱ ድፍረቱን ከጥቅሙ ጋር ያስተሳስረዋል። ዶሮዋም ብትሆን ጫጩቶቿን የምትከትትበት ጭልፊት የማይገባበት ጎጆ ካገኘች ነፍሷን ባልሰጠች ነበር።

እንስሳን ከእንስሳ ጋር ለመዝናናት ማጋጨትም መቅረት አለበት። ድመትን ጥግ አስይዞ ውሻ መልቀቅ፣ ትንሽ ውሻን በትልቅ ላይ አነሳስቶ በስልክ መቅረጽ፣ የነፍስ ጭንቀትን ጨዋታ ማድረግ ነው። የካነን ድመት ያስተማረችን ይኸው ነው፤ ደፍሮ የቆመው እንስሳ ውስጡ በፍርሃት እየነደደ ነው የሚቆመው።

ጀግንነትን የምናከብር ሕዝብ ነን። ከራሱ የሚበልጠውን የገጠመ ሰው ስሙ ይነሳል፣ ይፎከርለታል። ያንኑ ሲያደርግ የሚያድር እንስሳ በየግቢያችን አለ፤ የሚፈልገውም ፉከራ አይደለም። አንድ መርፌ፣ አንድ ቁራሽ፣ ሲጮኽም በር ከፍቶ የሚወጣ ሰው ነው። ውሻው ከጅብ ፊት በቆመ ቁጥር የእሱን ድርሻ ፈጽሟል፤ የቀረው የእኛ ድርሻ ነው።